መንጠቆ ያለው ክታብ

ሥራነሽ መርዶ ሳይመጣ ቀድማ የምታለቅስ ሴት ነበረች። ጅብ ገና በምሽቱ ቢጮህ፣ ቁራ ከጣራዋ ቢያርፍ፣ የያዘችው ገል ከእጇ ቢወድቅ ለእሷ ሁሉም ምልክት ነው። ልጇ ከሥራ ትንሽ ከዘገየባት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ጎረቤቷ ታየች «አንቺ እኮ ሰው ሳይሞትብሽ ተዝካር የምትደግሽ ነሽ» እያለች ትስቅባታለች።

ሥራነሽ ግን አብራት አትስቅም። የበኩር ልጇ ታረቀ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሳይነግራት ተደብቆ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ሆዷ ነግሯት ነበር። «ተይ አታሟርቺበት» ብለው ዝም አሰኟት። ታረቀ ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ ሲዋጋ ወደቀ። ሬሳውን አላየችም፤ የመጣላት ቀበቶው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሆዷ አንድ ነገር ሲላት ዝም የሚያሰኛት ሰው አልተገኘም።

የቀራት እንዳላማው ነው። ከታረቀ ታናሽ፣ ቁመቱ ረዥም፣ ሳቂታ፣ ጢሙ ገና ሙሉ ያልሆነ። መንገድ ለሚቀይሰው የጣልያን መሐንዲስ የመለኪያውን ዘንግ ተሸክሞ ይውላል። «ለጠላት ታድራለህ» ብለው የሚሰድቡት አሉ። እሷ ግን «የኔ ድርሻ ጮቄ ላይ ተከፍሏል» ትላለች እንጂ አትከራከርም። ማታ ሲመጣ ጋቢውን ተቀብላ ከመስቀሏ በፊት ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። የምትፈልገው ባሩድ ነው። የታረቀም ነገር መጀመሪያ የሸተታት በጋቢው ነበር። የእንዳላማው ጋቢ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዳች የመረረ ነገር ይሸታል። ብትጠይቀው «የጣልያኑ ድንኳን ሽታ ነው» ይላታል።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሁዳዴ ጾም ተጋምሷል። ጎጃም በየጋራው ተነሥቷል፤ ጣልያኑም ደንግጧል። ጠመንጃ ይሁን ሽጉጥ፣ ጥይት ይሁን የጠመንጃ ዕቃ፣ በቤቱ የተገኘበት ሰው በስቅላት ይቀጣል ተብሎ በገበያ ተለፍፏል። ተለፍፎም አልቀረ፤ ከገበያው ዳር ያለው ዛፍ ምን እንዳፈራ ያላየ የለም።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት ሥራነሽ ከጓሮ ጎመን ስትቀጥፍ ከአጥሩ ወዲያ ሹክሹክታ ሰማች። አንዱ እንዳላማው ነው። ሌላው ጓደኛው አወቀ ነው፤ የአወቀን ሹክሹክታ ደግሞ ደንቆሮም ይሰማዋል።

«ይዘሃታል?» ይላል አወቀ።

«አልያዝኋትም። ከመኝታዬ ሥር ናት።»

«ትናንት እኮ ጢሷን ሳታሳየኝ ነው የሄድህ!»

«ምን ላድርግ? ብስባት ብስባት እንቢ አለችኝ፤ አፏ ተዘግቷል። ዛሬ ማታ ወልውዬ ጢሷን አሳይሃለሁ።»

«እናትህ እንዳታይ ብቻ።»

«እናቴ ካየችማ እኔ የለሁም በለው።»

ተሳሳቁና ሄዱ። ጎመኑ ከሥራነሽ እጅ ወደቀ።

ብስባት አለ። ቃታ ነው የሚሳበው፤ ሌላ ምን ይሳባል? አፏ ተዘግቷል አለ፤ አፈሙዝ ነው። ወልውዬ አለ። ጢስ አለ። ሥራነሽ የቅኔ መምህር ሚስት ሆና የኖረች ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ ተማሪዎቹ ወርቁን ከሰሙ እስኪያወጡ ሲጨነቁ እሷ ከጓዳ ሆና ታገኘው ነበር። ይህን ለማግኘትማ ቅኔ ማወቅ አያስፈልግም።

ገብታ ቁርበቱን ገለበጠችው። ከሥሩ፣ ከጭዱ መሐል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ቀላ ያለ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ስንዝር የማይሞላ፣ ሞላላ ነገር ነው። ሲያዩት የአንገት ክታብ ይመስላል። በጎኑ ትንሽ የናስ መንጠቆ አለችው። መንጠቆዋን ስትነካት እንደ መጽሐፍ ለሁለት ተከፈተ።

ውስጡ ቀይ ከፈይ ነው። በከፈዩ ላይ ለየዕቃው ልክ ተቆፍሮ ሁሉም በየጎድጓዳው ተኝቷል። ጥቁር ቀጭን ቱቦ፣ ወገቡ ላይ የወርቅ ቀለበት ያለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት። እንደ ወስፌ የቀጠነ ብረት፣ ጫፉ ላይ ዙሪያውን ፀጉር የተተከለበት። የትንሽ ጣት የምታህል ጠርሙስ። ጥቅል ጥጥ።

ታረቀም እንዲህ ያለ ዕቃ ነበረው። የእሱ ትልቅ ነው፤ ዘንግ፣ ጨርቅ፣ ቅባት የያዘ ቀንድ። እሁድ እሁድ ከደጃፍ ተቀምጦ ጠመንጃውን ሲወለውል እሷ አጠገቡ ትፈትል ነበር። ይህ ደግሞ የትንሽ ነገር ነው። የሽጉጥ! ቱቦውማ ራሱ አፈሙዙ ነው፤ ጣልያን እየነቃቀለ የሚገጥመው ዓይነት ይሆናል። ወደ አፍንጫዋ ብታስጠጋው ያ የጋቢው መራራ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ተቀበላት። የጣልያን ባሩድ እንዲህ ነው የሚሸተው ማለት ነው። እሷ ሞኟ ድንኳን ነው ስትባል አምና!

ቁጭ አለች። ዕንባ አልመጣላትም። በዓይነ ኅሊናዋ ያንን ዛፍ አየችው፤ የእንዳላማው እግር ረዥም ነውና መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ልቅሶዋን ሁሉ ቀድማ ጨርሳው ለዛሬ አልተረፈም።

«ሥራነሽ! አንቺ ሥራነሽ!» ታየች ናት፤ ከደጅ ሆና የምትጣራ። «ቅዳሴ አትሄጂም? ከታች ሰፈር ፍተሻ ገብቷል አሉ። የዶሮ ቆጥ ሳይቀር እየገለበጡ ነው። እስኪመለሱ ቤተ ክርስቲያን ብንቆይ አይሻልም?»

ፍተሻ። ብትቀብረው አዲስ አፈር ይታያል። እሳት ብትከተው ብረቱ አይነድም። ወንዝ ብትወስደው በዚህ በጋ ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይደብቅም። አንድ ሰው ብቻ ታሰባት፤ የንስሐ አባቷ ቄስ ደምለው። ለእሳቸው ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት መደበቁን ያውቁበታል። ግን ከመንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ መሶብም ቅልም ይፈተሻል። የማይነካው የሰው አንገት ብቻ ነው። የአንገት ክታብን ማን ይደፍራል?

ከፈትሏ ጥቁር ክር መዘዘች። የቆዳውን ዕቃ በክሩ አስራ ባንገቷ አጠለቀችው፤ ነጠላዋን ደረበችበትና ወጣች።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች ታየች።

«ጾም ነው።»

«ጾሙስ ለሁላችንም ነው፤ እኔ እንደምታዪኝ በርበሬ መስያለሁ።»

ኬላው ላይ ሰልፉ ረዥም ነው። አንድ የጣልያን ዐሥር አለቃ ጥላ ሥር ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ያንቀላፋል። የሚፈትሸው ቀይ መታጠቂያ የታጠቀ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር ነው፤ ከባሕረ ነጋሽ አገር የመጣ፣ አማርኛውን በጉሮሮው የሚናገር፣ ጥርሱ ነጭ ጎልማሳ። የታየችን መሶብ ከፍቶ ቆሎዋን ዘገነ።

«ኧረ በጾም ሰው ትቀማለህ?» አለችው ታየች።

«ፍተሻ ነው፤ ጥይት ከቆሎ ጋር ይቀላቀላል።»

«ከጎረስኸው በኋላ ነዋ የሚለይህ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። አስካሪውም እየሳቀ ወደ ሥራነሽ ዞረ። እሷ እጇን ከደረቷ ላይ አድርጋ ነበር፤ ያ እጅ ነው የከዳት። የሚፈትሽ ሰው ዓይን እጅ ካለበት ይሄዳል።

«እዚያ ምን አለ እናቴ?»

«ክታብ ነው።»

«የምን ክታብ?»

ለካ የምን እንደሆነ አላሰበችም። «የሾተላይ» አለች፤ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው።

«ሾተላይ! በዚህ ዕድሜሽ ልትወልጂ ነው?»

ታየች ሳትቀር ሳቀች። ሥራነሽ ነጠላዋን ልትሰበስብ ስትል የቆዳው ጫፍ ብቅ አለ፤ የናሷ መንጠቆ ፀሐይ መታትና ብልጭ አለች። የአስካሪው ሳቅ ቀነሰ።

«እናቴ፣ እኔም እናት አለችኝ፤ እኔም ክታብ ባንገቴ አለ» ብሎ ከኮሌታው ሥር የራሱን አወጣ። ዙሪያውን ጥርቅም ተደርጎ የተሰፋ ያረጀ ቆዳ ነው። «ክታብ ይሰፋል። መንጠቆ ያለው ክታብ ግን አይቼ አላውቅም። አምጪው።»

መንጠቆዋን! ይህን ያህል ስትጨነቅ መንጠቆዋን አላሰበቻትም። ማን ነው ክታቡን ከፍቶ የሚያየው? ክታብ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ መስፋትስ ለምን አስፈለገ? አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ታየች በክንዷ ደገፈቻት። አስካሪው ክሩን በራሷ ላይ አሳልፎ አወጣው፤ መንጠቆዋን በአውራ ጣቱ ገፋት። ከፈተው። አንድ በአንድ አየው። ከዚያ ቱቦውን አንሥቶ ወደ ፀሐይ አቅንቶ በአንድ ዓይኑ አጮለቀ፤ ልክ ታረቀ አፈሙዝ ሲያይ እንደሚያደርገው። ቀጥሎም ቱቦውን ወደ አፉ ወሰደና ጎረሰው።

ሥራነሽ ያን ጊዜ የሆነችውን ኋላም ማስረዳት አልቻለችም። እንዳላማውን ረሳችው። ዛፉን ረሳችው። ያየችው አንድ የሰው ልጅ፣ እናት ያለችው፣ አፈሙዝ በአፉ ጎርሶ ነው።

«ተው ልጄ! አውጣው! ይተኩስብሃል!»

ዐሥር አለቃው ባርኔጣውን ከዓይኑ ላይ ቀና አደረገ። አሁን በአፏ አወጣችው፤ አሁን ሁሉም አበቃ።

አስካሪው ቱቦውን ከጥርሱ ሳያወጣ ትኩር ብሎ አያት። «ምኑ ነው የሚተኩሰው?»

«እሱ… አፈሙዙ።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ አፉ ሲደርስ ቱቦው ሊወድቅ ሆነና በእጁ ቀለበው። ለዐሥር አለቃው በጣልያንኛ አንድ ነገር ነገረው፤ ዐሥር አለቃውም ባፍንጫው ሳቀና ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

«እናቴ» አለ አስካሪው ዓይኑን እየጠረገ፣ «ይሄ ቦኪኖ ይባላል። የሲጋራ መጎረሻ ነው። ከንፈራቸው እንዳይቆሽሽ ትልልቆቹ ሰዎች ሲጋራውን በዚህ ሰክተው ያጨሱታል። ብረቱ መጥረጊያው ነው። ጠርሙሱ ማጠቢያው። ከተጓዙ በኪሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ይኸው» አለና ከኪሱ ሲጋራ አውጥቶ ከቱቦው ጫፍ ሰካው። ክብሪት ጫረ። ጉንጩ እስኪጎደጉድ ሳበው።

ቢስበው ቢስበው ትንሽ ቀጭን ጢስ ብቻ ባፍንጫው ወጣች። ያ መራራ ሽታ፣ የጋቢው ሽታ፣ የሥራነሽን ፊት ዳበሰው።

«ትንባሆ ነው?» አለች።

«ትንባሆ ነው።»

«የሚሳበው… ትንባሆ ነው?»

«ታዲያ ምን ይሳባል? የማን ነው ግን? ከየት አገኘሽው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ሌላ ፍርሃት በመጣባት ነበር፤ ሌባ ይሉታል፣ ይገርፉታል፣ ያስሩታል። ዛሬ ግን ለፍርሃት የሚሆን ቦታ አልነበራትም። «የልጄ ነው!» አለች፤ ድምፅዋ ሰልፉን ዘለቀው። «የእንዳላማው! ከመንገድ ቀያሹ ጋር የሚሠራው! ልጄ ትንባሆ ነው የሚያጨሰው!» ብላ በሁዳዴ፣ በኬላ ላይ፣ በጠላት ፊት፣ እልልታዋን አቀለጠችው።

«እንዳላማው? ያ ረዥሙ?» አስካሪው ጉልበቱን መታ። «ከእኔ ሲጋራ ሲለምን ነው የሚውለው! የፊተኛው መሐንዲስ ወባ ይዞት ወዳገሩ ሲመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሲሰጠው ቆሜ አይቻለሁ፤ ለካ ይቺ ናት። ልመና ላይ ግን ቦኪኖውን አሳይቶኝ አያውቅም፣ ቀጣፊ!» ሲጋራውን ነቅሎ በእጁ ያዘ፣ ቱቦውን በጥጡ ጠረገና ወደ ጎድጓዳው መለሰው። መንጠቆዋን ቆልፎ ክሩን ራሱ ባንገቷ አጠለቀላት። «ለልጅሽ ንገሪው። አፉ ተዘግቷል፤ በብረቱ ይወልውለው።»

ታየች እጇን ከአፏ ላይ ያነሣችው ከኬላው ሲርቁ ነው።

«ማርያምን፣ እኔ ብሆን ፀጉሬን ነው የምነጨው! የመምህር ልጅ! በጾም! ልጄ ትንባሆ አጨሰ ብላ እልል ያለች እናት በጎጃም ምድር ታይታ አታውቅም።»

«ዛሬ ታየች» አለቻት ሥራነሽ።

ታየች ስሟን ሰምታ «እ?» ብላ ዞረች። ነገሩ ሲገባት መንገድ ዳር ተቀመጠች፤ ሁለቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የሥራነሽ ዕንባ የመጣው ያኔ ነው፤ ሲመጣም ቶሎ አልቆመም። ታየችም ጀርባዋን ደባበሰቻት፤ ምክንያቱን ሳትጠይቅ። ከዚያ በኋላም አልጠየቀችም።

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ደምለው ዕቃውን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩት። ከፈዩን ነኩት።

«ለዳዊቴ እንዲህ ያለ ማኅደር ስፈልግ አርጅቻለሁ» አሉ። «ትንባሆ ባለ ማኅደር ሆነች?»

«ኃጢአቱ ብዙ ነው አባቴ?»

«ትንሽ አይደለም። ይምጣና ይናዘዝ። ስግደት አለበት።»

«ይሰግዳል! ጉልበት አለው፤ በሕይወት አለ» አለች ሥራነሽ።

ቄስ ደምለው ቀና ብለው ፊቷን አዩ። ታረቀን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን አሳለሟት።

ወሬ ከሰው ይቀድማል። ፀሐይዋ ከጠለቀች ብዙ ሳይቆይ እንዳላማው ከአጥሩ በር ላይ ብቅ አለ፤ ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሟል። አንገቱን ሰብሮ፣ አወቀን አስከትሎ መጣና ከእናቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እናቴ፣ በወለደችሽ ማርያም ማሪኝ» አለ። ከድንጋጤው የተነሣ ነገሩን ገልብጦታል።

«እኔን የወለደችኝ ማርያም አይደለችም» አለችው። «ድንጋዩን አውርደው፤ ወገብህ ይቀጫል።»

«ማርሁ ካላልሽ አላወርድም።»

«ለትንባሆው ነው የተሸከምኸው?»

«ለትንባሆው ነው።»

«ለሌላውስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«‹ጢሷን አሳይሃለሁ› አልህ። ‹ብስባት እንቢ አለችኝ› አልህ። ጎመን ስቀጥፍ ሰማሁህ።»

እንዳላማው አወቀን አየው፤ አወቀ እሱን አየው። ቀስ እያለ ፊቱ ተለዋወጠ። ድንጋዩ ከጫንቃው ተንሸራቶ ወደቀና ከአወቀ እግር አጠገብ አረፈ።

«እናቴ… ሽጉጥ መስሎሽ ነበር?»

የታረቀ ቀበቶ ከተሰቀለበት የቤቱ ምሰሶ ላይ ዓይኗ አርፎ ነበር። ልጇም ዓይኗን ተከትሎ አየው፤ ከዚያ ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ራሱን ከትከሻዋ ላይ ጣለ። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«የምሄድ ብሆን እነግርሽ ነበር» አለ በዝግታ። «ተደብቄ አልሄድብሽም። ለታረቀም ተደብቆ መሄዱን ነው የማልምርለት።»

«ማልልኝ።»

«በታረቀ አጥንት።»

አወቀ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔስ መማሬ ነው?»

«አንተ መጀመሪያ ሹክሹክታ ተማር» አለችው ሥራነሽ። «ነገሩን ያሰማኸኝ አንተ ነህ።»

ፈታሾቹ በማግስቱ መጡ። ቁርበቱን ገለበጡ፣ ጭዱን በተኑ፣ የዶሮ ቆጡን አናወጡ። ሥራነሽ ከደጃፍ ላይ እንዝርቷን ስታሾር ነበር። ባሕር ማዶ የተሰፋውን ማኅደር አንዱ አነሣና «ይሄስ?» አላት።

«የልጄ የትንባሆ መጎረሻ ነው» አለች ክሯን ሳትበጥስ። «ንስሐ ገብቷል፤ ከፋሲካ ወዲያ ይዘልቅ እንደሁ እንጃ።»

አልዘለቀም። በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ጋቢውን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ትንባሆ ነው። በደንብ አሸተተችው፤ ሌላ ሽታ ከሥሩ ይኖር እንደሁ ደግማ አሸተተችው። ትንባሆ ብቻ ነው።

«ደሞ ጀመርህ አንተ የማትረባ!» ብላ ጮኸችበት፤ ጎረቤት እንዲሰማ። ጋቢውን ከታረቀ ቀበቶ አጠገብ ሰቀለችና እራት ልታቀርብ ገባች።